የቅዳሜ ጃኬት

ኤልሳዕ ጃኬቱን የገዛው ከሶዶ ሳልባጅ ተራ ነው። አመድማ፣ ወፍራም፣ ብዙ ዚፕ ያለው ጃኬት ነው። ባለቤቱ ሊድያ መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ከሳልባጅ ጃኬት ገዛ ተብሎ ማንም አይጠረጠርም።

ነገሩ የጀመረው ልታጥብለት ያነሳችው ቀን ነው።

«ተይው» አለ ኤልሳዕ፣ ከእጇ እየተቀበለ። «ራሴ አጥበዋለሁ።»

በስድስት ዓመት ትዳራቸው ውስጥ ኤልሳዕ አንድ ካልሲ አጥቦ አያውቅም።

ኤልሳዕ የግብርና ባለሙያ ነው። ከመጋቢት ማብቂያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ «ፊልድ አለብኝ» ይልና፣ በጠራራ ፀሐይ ያንን ጃኬት ደርቦ፣ ባዶ እጁን ይወጣል። ከሰዓት በኋላ እንደዚያው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሊድያ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የሚዋሽ ፊት በየቀኑ ስለምታይ የባሏን አላጣችውም።

ልጅ የላቸውም። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ይጸለይላቸዋል፤ የኤልሳዕ ዘመዶች በየቤታቸው ምን እንደሚሉም ሊድያ ሳይነግሯት ታውቃለች። አንድ ቀን ሌላ ሴት ትወልድለትና ትዳሬ ያበቃል የሚለው ፍርሃት አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሳል። እስካሁን ያጽናናት የኤልሳዕ ዓይነ አፋርነት ነበር። አማቱ ሶዶ በመጣች ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ይውላል፤ አንድም ቀን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የሌላ ሴት በር በምን ድፍረት ያንኳኳል?

መልሱን ጎረቤቷ እትዬ ፈጠነች ይዘውላት መጡ። ቅዳሜ ከሶዶ ወጣ ብለው ሻንቶ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ።

«ባልሽን አየሁት» አሏት። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ ቤት በር ላይ። ትልቅ ቦርሳ አዝሏል።»

«ኤልሳዕ ቦርሳ የለውም፣ እትዬ።»

«እኔ እንግዲህ ያየሁትን ነው። ደግሞ አልገባም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ዕቃውን በኋላው አቀበላት። የሴት እጅ ነው የተቀበለው። ሰው እንዳይደርስበት መንገዱን ሲጠብቅ ነዋ!»

እሑድ ኤልሳዕ ለመዝሙር ልምምድ ሲወጣ ሊድያ ጃኬቱን አልጋ ላይ ዘረጋችው። ኪሶቹ ባዶ ናቸው። ከጀርባው በውስጥ በኩል ግን ረጅም ዚፕ አገኘች። ሳበችው። ገበሩ ተገለበጠ፣ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ሁለት ማንገቻዎች ዱብ አሉ። ጃኬቱ እጇ ላይ ቦርሳ ሆነ።

አፍንጫዋን አስጠጋች። ቅቤ። ስፌቱ ውስጥ የአጃ ዱቄት ተጠራቅሟል፤ ጥቂት የአብሽ ፍሬም አለ። ሊድያ አልወለደችም እንጂ የስንቱን አራስ ገንፎ አገንፍታለች። ይህ ስንቅ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ከአባቷ ጋር በዴሳ የምትኖረው እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ሽታዬ ሊድያን የወለደቻት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሲያዩዋቸው እህትማማች ይመስላሉ። እንደ እህትም ሁሉን ነገር ያወራሉ። ከገና ወዲህ ግን እግሬን አሞኛል እያለች ሶዶ አልመጣችም፤ ልምጣ ስትላትም ትምህርትሽን አታስተጓጉዪ ትላታለች።

«እማ፣ ኤልሳዕ ሻንቶ ወልዷል።»

 በስልኩ የእናቷ ለቅሶ መጣ፤ ከሊድያም ይብስ ነበር።

«እሱ እንዲህ አያደርግም፣ ልጄ። በጌታ ስም እለምንሻለሁ፣ ሻንቶ እንዳትሄጂ።»

ሊድያን ይበልጥ ያቆሰላት ይህ ነው። የገዛ እናቷ ለባሏ ወገነች። እንግዲህ ሁሉም ያውቃል፣ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ አለች በልቧ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤልሳዕ ከወጣ በኋላ ቀጥሎ በተነሳው ሚኒባስ ተከተለችው። ሻንቶ ገበያ ውስጥ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና አገኘችው። አንድ ሱቅ ጥግ ቆሞ ጃኬቱን አወለቀ። ዚፑን ሳበ፣ ገለበጠ። ቅቤ ገዝቶ ከተተ። አጃ ጨመረበት። እንደ ለመደ ሰው እያሸተተ ነው ቅቤ የሚመርጠው። ቤቱ ውስጥ ቅቤና ቫዝሊን የማይለየው ኤልሳዕ ነው ይህን የሚያደርገው።

ወፍጮ ቤቱን አልፎ ትንሿን በር አንኳኳና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፊቱ ወደ መንገዱ ስለነበረ ሊድያን አያት።

«ሊዲ!» ቦርሳው ከትከሻው ወረደ። «አትግቢ። እባክሽ፣ ቃል ገብቼ ነው።»

«ለማን?»

ኤልሳዕ አንገቱን ደፋ።

ሊድያ የጋብቻ ቀለበቷን ሚኒባስ ውስጥ አውልቃ ጨብጣዋለች። ሴትየዋ ፊት ወርውራው ልትወጣ ነው። ገፍታው ገባች።

ክፍሉ ጠባብና ሙቅ ነው። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ሊድያን እንዳየች ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። 

«ግለጪው!» አለች ሊድያ።  «ትዳሬን ያፈረሰችውን ሴት መልኳን ልየው!»

ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ሴትየዋ ነጠላውን አልገለጠችም።

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወልጂ እኔ ላባትሽ ሌላ ልጅ ወለድኩ ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ?» አለች ከበዴሳ መጥታ የተደበቀችው እናቷ።