የሩፊዳ መህር

ሩፊዳ ለመህሯ ወርቁን ትታ ፕሌይስቴሽን ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው በደንብ ያልሰማ መስሎት ደግሞ ጠየቃት። መልሷ ያው ነበር።

መህር፣ ሙሽራው ለኒካሕ ጋብቻው የሚሰጠው ጥሎሽ፣ የሙሽራዋ ነው። የወደደችውን ትጠራለች፤ ከተቀበለች በኋላ ባልም ሆነ አማት እጁን አይሰድበትም። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሴቶቹ ሲጠሩ የኖሩት ግን ሐብልና አምባር ነው።

ወሬው የሙሽራው እናት ዘሀቢያ ዘንድ ሲደርስ፣ የምትለካውን ጨርቅ ሱቋ ውስጥ እንደ ተዘረጋ ጥላው ተነሣች። ዘሀቢያ ሰፍዋንን ያለ አባት ያሳደገች ኩሩ ሴት ናት። «ሺሻውንም፣ ጫቱንም፣ የጌም ኮተቱንም ከቤቴ ጠርጌ ያወጣሁ ነኝ» ብላ ጎረቤቱን ያላሰለቸችበት ቀን የለም። የሩፊዳ ነገር ወዲያው ገባት። ልጅቱ አስተማሪ፣ ሰፍዋን አብደራፊ እርሻ ላይ ውሎ የሚያድር የትራክተር መካኒክ። አልፈለገችውም! አባቷን እምቢ ማለት ቢያስፈራት፣ በጥያቄ አሳፍራ ልታባርራቸው ነው።

ለልጇ ደውላ የተጠየቀውን መህር ነገረችው።

«እንዳልሽ ነው፣ እማ» አለ ሰፍዋን ቀስ ብሎ። «ከከበደሽ ግን ሰርጉ ይቅር።»

«ይቅር? የዘሀቢያ ልጅ መህር አቅቶት ተመለሰ ልባል ነው? አልሸሽም!»

በነጋታው ሩፊዳንና አባቷን አብዱረሕማንን አስከትላ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ሐሚድ ሱቅ ገባች። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሣ ይንጣጣል። ሐሚድ ሦስት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«ይኸ ያገለገለ ነው፤ አንድ ጆይስቲክና አንድ የኳስ ጌም አለው። ይኸ አዲስ ነው፤ ጆይስቲኩ ያው አንድ፣ ጌሙ ሦስት። ይኸኛው ሙሉ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚጠብቀው ስታቢላይዘርም አብሮት አለ።»

ሩፊዳ አንዱን ጆይስቲክ አነሣች። ገልብጣ ነበር የያዘችው። ሐሚድ ሳቁን ዋጥ አርጎ አዞረላት።

አያያዙን እንኳ አታውቅም! ዘሀቢያ ከዚህ ወዲያ ምስክር አላስፈለጋትም።

«ያገለገለው ይበቃታል» አለ አብዱረሕማን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«ባለ ሁለቱ ካልሆነ ይቅር» አለች ሩፊዳ።

«ምኑ ነው የሚቀረው?» አለች ዘሀቢያ። «ማሽኑ ነው ወይስ ኒካሑ?»

«ሁለቱም፣ እትየ።»

አባትየው ግንባሩን ያዘ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ምናለ እንደ ሰው ልጅ ወርቅ ብትጠይቂ?»

«አባ፣ መህሩ የኔ ነው። ወርቁን እርስዎ ያድርጉት።»

በር ላይ ሦስት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ፤ ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ዘሀቢያ ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሩፊዳም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሐሚድ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለህም?»

«ከዚህ በላይ እንኳ የለም። ሰፊ ቴሌቪዥን ከተጨመረበት...»

«ጨምርበት!»

ሩፊዳ አፏን ከፍታ ቀረች። ዘሀቢያ ልቧ ቅቤ ጠጣ። በይ እንግዲህ፣ አሁን ምን ሰበብ ታመጫለሽ? ዕቃውን በባጃጅ ጭና፣ ጠዋት ጠዋት የምታልፍበትን አቋራጭ ትታ በገበያው መሐል አሳለፈችው።

ዓርብ ኒካሑ ታሰረ። ሼኹ «አንድ ፕሌይስቴሽን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር፣ አንድ ቴሌቪዥን» ሲሉ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ዘሀቢያ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ቀና አርጋ ተቀምጣለች።

«የሙሽራዋ ብቻ ንብረት ነው» አሉ ሼኹ። «ባልም አማትም አይነካውም።»

«አይነካውም!» አለች ዘሀቢያ፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ።

እንግዳው ሲበተን ስለ ልጇ ሆዷ ባባ። የማትወደው ሚስት ይዞ ሊኖር ነው፤ ይኸን ሁሉ ያደረገችው እሷ ናት። ልታጽናናው ሙሽሮቹ ወዳሉበት ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሰፍዋን ድምፅ ይሰማል።

«አላልሁሽም? እማን እልህ ካስያዝሻት ራሷ ትገዛልኛለች። ቴሌቪዥኑን ግን እኔም አላሰብሁት!»