ደቃቁ ፊደል

መምህር አዳነ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዘው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ገልጠው አፍንጫቸው እስኪነካው ያስጠጉታል፤ ከዚያ ያስቀምጡትና የመጀመሪያውን መልሰው ያነሳሉ።

«ይኼ ይሻላል» ይላሉ። «ይኼ ይገዛ።»

ባንቺዓለም የመጽሐፉን ሽፋን ታያለች። መካነ ኢየሱስ ባለው በዚህ የሙያ ኮሌጅ ረዳታቸው ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ላራቬል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ድረ ገጽ መሥራት ይማራሉ ተብሏል፤ እሷም መምህሩም ገና እየለመዱት ነው። ለናሙና ከመጡት ከሁለቱ አንዱን መርጠው ለሹፌሩ ለደሴ መስጠት አለባቸው። ደሴ ደብረ ታቦር ወርዶ ለክፍሉ ሁሉ የሚያመጣው የመረጡትን ነው። ሞተር አስነስቶ ውጭ ይጠብቃል።

«መምህር፣ ይኼ እኮ የድሮው ነው። ሦስተኛው ቨርዥን። እኛ ኮምፒውተሮቹ ላይ የጫንነው አምስተኛውን ነው፤ ልጆቹ ከዚህ የገለበጡት ኮድ አይሠራላቸውም።»

«ሦስተኛው ነው ያለሽ ማነው?»

«ሽፋኑ ላይ አለ።»

መጽሐፉን ያዞሩታል። ጡጫ የሚያህለው ቀይ ቁጥር ፊት ለፊታቸው ነው፤ አውራ ጣታቸው እላዩ ላይ አርፏል።

«የቱ ጋ?»

ባንቺዓለም ክው ትላለች። ክፍል ውስጥ «አንቺ አንብቢ፣ አንተ ቀጥል» የሚሉት ተማሪ ለማትጋት ይመስላት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ መምህር?»

ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ይቀመጣሉ። «መጀመሪያ ግራ ዐይኔ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ቀኙም ባሰበት። ላቀችም አታውቅም።» ላቀች ባለቤታቸው ናቸው። «ሐኪም ዘንድ ብሄድ በቃህ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። የዚህ ፊደሉ ትልልቅ ነው። በሱ ሁለት ዓመት እንኳ ብገፋ ብዬ።»

«ተማሪዎቹስ?»

ካፏ ከወጣ በኋላ ይቆጫታል።

ደሴ በሩን ይከፍታል። «መምህር፣ ረፈደብኝ። የትኛው ሆነ?»

ባንቺዓለም አንገቷን ትደፋለች። መምህር አዳነ የያዙትን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሌላኛውን፣ ፊደሉ ደቃቅ የሆነውን፣ ጠረጴዛው ላይ ዳብሰው ያነሱና ይዘረጋሉ።

«ይኸኛው ነው» ይላሉ። «ደሴ፣ ፊት ወንበር ላይ የሚሄድ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔንም የዐይን ሐኪም ዘንድ አድርሰኝ። ባንቺ፣ ላቀች ዘንድ ሂጂና ንገሪልኝ። አትደንግጪ ብሏል በያት።»

ደግፋ መኪናው ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ ፈንጠር ብላ ባሕር ዛፉ ሥር ትቆማለች። መኪናው ሲዞር መምህር አዳነ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ያውለበልባሉ፤ ወደ ክፍሉ በር፣ ማንም ወደሌለበት።

ባንቺዓለም ሮጣ በሩ ላይ ትቆምና እጇን ታነሳለች።