ሜዳ ላይ ያደረችው ሚኒባስ

ካሳ የሚኒባሷን ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዞረው ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ጋቢና አብራው የተቀመጠችው ይታየሽ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

ከኋላ የካሳ እናት፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ፣ በጋቢ ተጠቅልለው ያቃስታሉ። ሳንባቸውን ይዟቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ያየቻቸው ነርስ ረፋድ ሳይሆን ሰቆጣ ሆስፒታል ካልደረሱ እንደማይተርፉ ቁርጡን ነግራዋለች። በዚያ ማለዳ አምደወርቅ ውስጥ ሌላ መኪና አልነበረም።

የአምደወርቅ ሹፌር ማታ መኪናውን ቁልቁለት አፋፍ ላይ አቁሞ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ጠዋት ሞተሩ በውርጭ እምቢ ሲል ድንጋዩን አንስቶ ቁልቁል ይለቃታል፤ ስትንደረደር ሞተሩ ይነሳል። ካሳን ይህን ልማድ ያስተወችው ይታየሽ ናት። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ወልድያ ተምራ እንደመጣች ሁለተኛ ባትሪ ጨመረችለት፤ የሳሳውን ገመድ በወፍራም ቀየረች፤ ሞተሩን ቀድመው ለሚያሞቁት ካንዴላዎችም የራሳቸው ማብሪያ አበጀች። ከዚያ በኋላ «ከእንግዲህ ደጅህ ሜዳው ላይ አቁማት» አለችው፤ አፏን ሞልታ።

አሁን ወርዳ ባትሪዎቹን ብትለካ ሁለቱም ደክመዋል። ማታ ምን አብርቶ እንዳደረ ጠየቀችው። ካሳ አንገቱን ደፋ። መብራት ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፤ ጎረቤት ለቅሶ ነበርና ለድንኳኑ አምፖል ከመኪናዋ ባትሪ ገመድ ስቦ ሰጥቷል፤ ለቀስተኛውም ስልኩን ሲሞላ አድሯል።

«አዝኖ የመጣን ሰው እምቢ ልበል?» አላት።

እውነቱን ነው። እምቢ ቢል ነገ የእሱን ድንኳን የሚተክልለት አያገኝም። ይታየሽ ግን ተናደደች። ጥፋቱ የእሷም ነበር፤ ስለ ብርዱ ስታስብ ስለ ጎረቤት አላሰበችም።

የቀረችው ኃይል ሞተሩን ለማዞር አትበቃም። ለማሞቅ ግን ትበቃ ይሆናል።

«ቁልፉን ሁለተኛ እንዳታዞር» አለችው። «ያለችውን ለማሞቂያው እንስጣት። ማዞሩን ሰው ገፍቶ ያዙረው።»

ካሳ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ለቀስተኛው ጋቢውን እያደገደገ ወጣ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ሊገፉ ተሰለፉ። አፋፉ መቶ እርምጃ ይርቃል። ቁልቁለቱ አንድ ነው፤ ግርጌው የወንዝ አሸዋ ስለሆነ ሞተሩ ሳይነሳ እዚያ ከገባች ቶሎ የሚያወጣት የለም።

ካሳና ይታየሽ ጋቢና ተመለሱ። መኪናዋ በትከሻ እየተገፋች አፋፉ ጋ ስትደርስ ይታየሽ የካንዴላዎቹን ማብሪያ በአውራ ጣቷ ተጫነች። እስከ ሃያ ቆጠረች። ሚኒባሷ አዘነበለች፤ የገፊዎቹ ድምፅ ወደ ኋላ ቀረ።

«አሁን!»

ካሳ ክላቹን ለቀቀ። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም። አሸዋው ከፊታቸው እየሰፋ መጣ። እንደገና ረገጠ፣ እንደገና ለቀቀ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ አጓራ። ካሳ መሪውን ወደ ሰቆጣ መንገድ ሲጠመዝዝ እንባው ይወርድ ነበር።

«በቃ፣ ማብሪያውን ልቀቂው» አላት።

ይታየሽ መልቀቅ ፈልጋ ጣቷ አልታዘዝ አላት። ከኋላ አንድ እጅ መጣ። እማማ ወለተጊዮርጊስ እንደምንም ጎንበስ ብለው ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁና በመዳፋቸው ያዙላት። «አይዞሽ» አሏት።

መዳፋቸው እንደ ፍም ይፋጃል። ይታየሽ እጇን ሳታስለቅቅ ወደ ካሳ ዞረች።

«ፍጠን» አለችው።