«ወይ እሷ ወይ እኔ» ያለችው ዘማሪ

"ድምፄን ከአፌ ላይ ልትነጥቂኝ ነው እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያለችው በመጨረሻው ልምምድ ላይ ነው... ኳየሩ ሁሉ እየሰማ።



የተናገረቻት ደግሞ ባዳ አይደለችም። የገዛ ወንድሟ ሚስት ናት፣ ሁሌ ከጎኗ ቆማ የምትዘምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው ቤተሰብ...

ይህን የሰፈር ኳየር የመሠረተችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ያኔ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። የስፌት መኪናዎቿን ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር እዚያው ሱቋ ውስጥ ነው የጀመሩት።

ዛሬ ሆስፒታል ሄደው ለታመመ ይዘምራሉ... የአረጋውያን ማዕከል ይሄዳሉ... ሰርግ ላይም ሐዘን ላይም አይጠፉም።

የመዝጊያውን መዝሙር ሶሎ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ናት። ባሏን ካጣች ወዲህ በእግሯ ያቆማት ይኸው መዝሙር ነው። ሌላ ምን አላት?

ሰሞኑን ታዲያ አንድ ነገር ጆሮዋ ገባ...

መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ በደረሰች ቁጥር፣ የወንድሟ ሚስት ቀስ ብላ አብራት ድምፅ ታወጣለች።

አንዴ አለፈችው... ሁለቴ አለፈችው። በሆዷ ግን ታብሰለስላለች። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ድምፅ አላት፣ የኳየሩ የምሥረታ በዓል ደርሷል... ቦታዬን ብትፈልግ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ኧረ እናንተስ ብትሆኑ አትጠረጥሩም?

በመጨረሻው ልምምድ ላይ ያበጠው ፈነዳ።

የወንድሟ ሚስት ክርክር አልገጠመችም። "ይቅርታ እታለም" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የኳየሩ አሰልጣኝ ሊከተላት ብድግ ሲል ልብስ ሰፊዋ "ወይ እሷ ወይ እኔ" አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ያድርግ?

በነጋታው በዓሉ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንድሟ ብቻውን መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል... ሰላም እንኳን አላላትም።

የመዝጊያው መዝሙር ደረሰ። ጀመረች... አቤት ሲያምር።

ያ ከፍ የሚለው ቦታ መጣ።

አፏን ከፈተች...

ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ደግማ ሞከረች... ምንም የለም። ሕዝቡ ያያታል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሰልጣኙ እጁን ሲያነሳ ሌሎቹ ገብተው መዝሙሩን እንደምንም ጨረሱት።

ከመድረኩ ጀርባ አሰልጣኙን ክንዱን ይዛ አስቆመችው። ምን ሆንኩ፣ ሁሌ የምዘምረው መዝሙር እኮ ነው አለችው።

እሱም አንገቱን ደፋ።

"እትዬ... ድምፅዎ እዚያ ቦታ ላይ ከከዳዎት ቆየ። እሷ ናት ዜማውን የምትይዝልዎት። ሰሞኑን የሰሟት የእርስዎ እየደከመ ሲሄድ እሷ ስለጨመረች ነው።"

ክው አለች።

"ሶሎውን ልሰጣት ነበር፤ እምቢ አለችኝ። 'እታለም ካወቀች መዘመር ትተዋለች፣ መዘመር ከተወች ደግሞ ትሞትብናለች' አለችኝ።"

ልብስ ሰፊዋ የመድረክ ልብሷን ሳትቀይር በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት ያቺው ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት።

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር እታለም?"

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ እንደቆመች ተጠምጥማባት ተንሰቀሰቀች።

ወዳጆቼ... ከጎናችን ድምፁን ያሰማ ሁሉ ቦታችንን የሚሻማን አይደለም። አንዳንዱ እኛ እንዳንወድቅ ነው የሚጮኸው። ሰውን ከማባረራችን በፊት እስቲ አንዴ "ለምን?" ብለን እንጠይቅ።

ቆይ ግን... እናንተ በወንድምየው ሚስት ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ፊት ለፊት ትነግሯት ነበር? ወይስ ዝም ብላችሁ ትይዙላት ነበር? እስቲ ኮሜንት ላይ እንከራከር...