በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተገኘው

አቶ አስረስ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ሞተሩ አጎነበሱና ወዲያው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ምትኩ፣ ከኋላቸው ቆሞ።

«የአይጥ ሽንት ነው።»

ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 1988 ነበር፤ ሁዳዴ ተጋምሷል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለው ወርክሾፕ የተባይ መርጫ አውሮፕላኖችን ሞተር ይጠግናል። ይህኛው ሞተር በጭነት መኪና መጥቶ ማቆሚያው ላይ ከተሰቀለ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ተወስዶ አውሮፕላኑ ላይ ይገጠማል፤ ሰኞ ካፒቴን ኢያቄም ይዞት ይነሳል።

በሞተሩ ጎን የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ከነዳጁ ቱቦ አንድ ጣት አይርቅም። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ብረት ከነካ ብልጭ ይላል። ብልጭታው ነዳጅ ካገኘ ደግሞ ሰማይ ላይ እሳት አደጋ የሚጠራ የለም።

ይህ እንዳይሆን የሚመረምሩት አቶ አስረስ ናቸው። የእሳቸው ማኅተም ያላረፈበት ሞተር ከዚያ ግቢ አይወጣም። በጾምም ቢሆን የወርክሾፑ መመኪያ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም ይባላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌላው ሽሮውን ሊበላ ሻይ ቤት ይሮጣል፣ እሳቸው ከሞተሩ ጀርባ በርጩማቸው ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። ሰዎቹ ጠግበው ሲመለሱ በገዛ ሆዳቸው ያፍራሉ።

ጥቅሉን እንዲፈታ ጉርሜሳ ተጠራ። ጉርሜሳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። የላፍቶ ተወላጅ ሲሆን፣ በአባቱ ማሳ ላይ ቤት ከተሠራ ወዲህ የቀሩትን ሁለት ላሞች ጠዋት አልቦ ነው ሥራ የሚገባው። እበት እበት ይሸታል ብለው የሚያሙት ነበሩ። ጴንጤ ስለሆነ ሁዳዴን አይጾምም፤ ይህንን የማያውቅ አልነበረም።

የታሰረበትን ክር ቆርጦ ጥቅሉን ፈለቀቀው። የተበጣጠሰ ላስቲክ፣ ፀጉር፣ እርጥብ ቆሻሻ፣ ከዚያ ሁሉ መሃል ደግሞ ፀጉር ያላበቀሉ አራት የአይጥ ልጆች እርስ በርስ ተደራርበው ይንፈራገጣሉ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ ተናኘ አፏን በነጠላዋ አፍና ወደ ውጭ ሮጠች።

አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ምትኩ በእስክሪብቶው ጫፍ ገለበጠው። በርበሬ የነካው፣ ጥርስ ያረፈበት፣ የደረቀ የሥጋ ቁራጭ ነበር።

«ሥጋ!» አለ ምትኩ። «በሁዳዴ ሥጋ?»

የአቶ አስረስ ፊት አመድ መሰለ። ምትኩ ጾሙ ያደከማቸው መስሎት ወንበር አቀረበላቸው።

«አይጥ እንዲሁ አትመጣም» አለ ቀና ብሎ። «የሚቀልባት ሰው አላት። እዚህ ውስጥ የማይጾም ማነው?»

ሁሉም ወደ ጉርሜሳ ዞረ።

«እኔ ድንች ነው ይዤ የምመጣው» አለ ጉርሜሳ። «እሱንም ውጭ፣ ከጥበቃው ጋር ነው የምበላው። ሥጋ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ፌስታልህ መሣሪያ ሳጥንህ ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ድንች ነዋ!» ጉርሜሳ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ። በምሳ ሰዓት እዚህ ያሉት እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን ስበላ አይተውኛል?»

አቶ አስረስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እኔ በሰው ነፍስ አልገባም። ዓይኔ ሥራዬ ላይ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን አዙረው እንትፍ አሉ።

ከዚህ በኋላ ምስክር የፈለገ አልነበረም። ትናንት ከእጁ ብሎን ሲቀበሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እጁን ተጸየፉት። አንዱ በጋራ የሚጠጡበትን ጣሳ ከአጠገቡ አነሳ። ሰው ሲፈርድ እንዴት ደስ እንደሚለው ማየት ከአይጧ ጎጆ ይበልጥ ያስጠላል።

ምትኩ የስንብት ደብዳቤው ዛሬውኑ እንዲጻፍ አዘዘ። ጉርሜሳ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከዚህ ደሞዝ ሌላ ያለው የሁለት ላም ወተት ነው። ቢሆንም አልለመነም።

«ሽቦውን ቀይሬ ልሂድ» አለ ብቻ። «እንዲህ ትቼው አልሄድም።»

እስከ ሐሙስ ማታ ሠራ። አይጥ የበላቻቸውን አሥራ አንድ ሽቦዎች አውጥቶ በአዲስ ተካ። ጥቅሉን ከነዳጁ ቱቦ አርቆ አሰረው፤ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። ማንም አላናገረውም። ተናኘ በአጠገቡ ስታልፍ የነጠላዋን ጫፍ ትሰበስብ ነበር። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ምትኩ ቢሮ በር ላይ ቆመ።

«እኔን አባሩኝ፣ ግድ የለም። እዚህ የሚበላውን ሰው ግን ፈልጉት። ምግብ የለመደች አይጥ ተመልሳ ትመጣለች። ኢያቄም ደግሞ ይሄንኑ ሞተር ይዞ ነው የሚነሳው።»

«ጨርሰሃል? በል ሂድ።»

ዓርብ ጠዋት ወለሉ በበረኪና ታጠበ። ወጥመድ ይቀመጥ ያለ ሰው ነበር፤ ምትኩ ግን የሚቀልባት ሄዷል ብሎ ተወው። አቶ አስረስ በትንሿ መስታወታቸው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አዩ። እንከን አላገኙም። ማኅተማቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው እየተንጫጫ ወደ ሻይ ቤት ወጣ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ? ዛሬ እንኳ ወጣ ብለው አየር ይቀበሉ» አለ ምትኩ።

«ቅዳሜ እስኪወሰድ ከአጠገቡ አልጠፋም» አሉ አቶ አስረስ።

ምትኩ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ሄደ።

የመጨረሻው ሰው ኮቴ ሲርቅ፣ አቶ አስረስ በሩን ገርበብ አድርገው ከሞተሩ ጀርባ ተቀመጡ፣ ከጋዋናቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቋንጣ አወጡና ዘንጥለው ጎረሱ።