የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ

"ጭስ ማውጫውን ይዘሽ ግቢ" አሏት ካፒቴን ኩራሞቶ ከኋላዋ ቆመው።

ኪኑዬ የመርከቧን መሪ እንደጨበጠች ቀና ብላ ወደ ከተማው ተመለከተች። የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ድሮ በነበረበት በኩል ባዶ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ድሮ መርከቦች እሱን ምልክት አድርገው ወደ ወደቡ ይገቡ ነበር፤ ከፈረሰ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፋብሪካው ውስጥ ሲሠራ የኖረው ባሏ፣ ጭስ ማውጫው በፈረሰበት ዕለት ምሳውን ሳይነካ መዋሉ ትዝ ይላታል።

መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ሽማግሌው ቀልድ ይወዳሉ። ዕድሜያቸውን በጭነት መርከብ ላይ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ ወደቡ ዳር ስትበሰብስ የነበረችውን ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ፣ ቺዶሪን፣ ያዳኗት እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ በነጻ ቀለም የሚቀባውን፣ ሸራ የሚሰፋውን የሰፈር ሰው ሁሉ መርከበኛ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበረችውን ኪኑዬን መሪ ሲያስይዟት ስልሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት።

"ካፒቴን፣ በዚያ በኩል እኮ ግንቡ አለ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"የምን ግንብ?"

ዘወር ብላ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም። ዓይናቸው ባዶው ሰማይ ላይ ተተክሏል።

"ጭሱ ወደ ተራራው አጋድሏል። ነፋሱ ጥሩ ነው። በያዝሽው ሂጂ።"

ፋብሪካው ከፈረሰ በኋላ የተሠራው የማዕበል መከላከያ ግንብ ልክ ከፊታቸው ነው። ባሕሩ ስለሞላ ከውሃው በላይ የቀረው ክንድ የማይሞላ ግራጫ መስመር ብቻ ነው። ነፋሱ ከኋላ ይገፋቸዋል። ዘጠኝ ሰው ምሰሶዎቹ ላይ ወጥቶ፣ አግዳሚው እንጨት ላይ በሆዱ ተኝቶ ሸራ ይጠቀልላል። ፀጉር አስተካካዩ ናካዛቶ ከላይ ሆኖ፣ ካፒቴኑ ዛሬ የቸኮሉት የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው እያለ ሰዉን ያስቃል።

ብትጮህ ሁሉም የሚሰማው እሳቸውን እንጂ እሷን አይደለም። ብትከራከር ደግሞ መሪውን ይቀሟታል። ሽማግሌው ሲያስተምሯት፣ መሪ የያዘ ሰው ትእዛዙን መልሶ ይናገራል፣ ከዚያ ይፈጽማል ብለዋታል።

"ጭስ ማውጫውን ይዤ እገባለሁ፣ ካፒቴን" አለች። መሪውንም በሙሉ ኃይሏ ወደ ቀኝ፣ ወደ ወደቡ በር ጠመዘዘችው።

"ጎበዝ" አሉ።

ቺዶሪ ቶሎ አልታዘዘችም። እንጨቷ አቃሰተ፤ ከዚያ አፍንጫዋ ቀስ እያለ ዞረ። ግንቡ በግራ በኩል አለፈ። በጣም ከመቅረቡ የተነሳ በሲሚንቶው ላይ የተጣበቁት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ታዩዋት። ከላይ ሳቁ ተቋረጠ። ዘጠኙም አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል ግንቡን እያዩ ነበር።

ኩራሞቶ አላዩም። ዓይናቸው ጭሱ ላይ ነበር።

መርከቧ ከታሰረች በኋላ ናካዛቶ ወርዶ ወደ ኪኑዬ መጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ልትነግሪያቸው ይገባል" አላት።

"አንተ ንገራቸው እስቲ።"

ካፒቴኑ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ በመካከላቸው አለፉ። ዛሬ አገባቧ እንዳስደሰታቸው ነገሯትና መወጣጫው ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

"ነገ የሚሳፈሩት ተማሪዎች ስንት ናቸው?"

"አርባ ሁለት" አለች ኪኑዬ።

ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው ወረዱ። መርከቧ በአራት ወፋፍራም ገመዶች ከወደቡ ጋር ታስራለች። ኪኑዬ ግን አሁንም መሪውን ጨብጣ ቆማለች፤ ጣቶቿ አልፈታ ብለዋታል።