የጎደሬ ሚዛን

አክስቴ ፉአቲኖ ሌላ ቁራጭ ጎደሬ ሳህኔ ላይ ያስቀምጣሉ። በቅቶኛል እላለሁ። ያልሰሙ መስለው የኮኮናት ወተቱን ያፈሱበታል።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ምንጣፉ ላይ፣ ከትልልቆቹ ጎን አስቀመጡኝ። በኛ ቤት ወጣት ሴት ታቀርባለች፣ ዝንብ ታባርራለች፣ ትልልቆቹ ሲነሡ ደግሞ የተረፈውን ትበላለች። ዛሬ ግን እኔ ተቀምጬ እበላለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ታውሲ ከኋላዬ ቆማ ሳህኔን ታራግባለች። መጀመሪያ ለዲግሪዬ የተሰጠ ክብር መስሎኝ ነበር። ባሕር ማዶ ሱቫ ተምሬ የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ጣጣው የመጣው ጠዋት ነው። ፓስተሩ ከስብከቱ በኋላ፣ ነገ በሚደረገው የአውራጃው የክብደት ማንሣት ውድድር መንደራችንን ወክለው የሚቆሙትን ሴቶች ስም አነበቡ። ታውሲ፣ ቀጥሎ የመምህሩ ሚስት፣ ቀጥሎ ሉሲያ። ሉሲያ እኔ ነኝ። የጠየቀኝ ሰው የለም። ምእመኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔ የመዝሙር መጽሐፌን አየሁ።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አነሣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነሣሁት ከባድ ነገር ቢኖር ሻንጣዬ ነው፤ እሱንም ከጀልባው ያወረደልኝ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ እንኳ ዳገቱን ስንወጣ የጫማዬን ማሰሪያ የማስተካክል መስዬ ቆሜ ተነፈስኩ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ፣ ጉልበቴ እንደሚንቋቋ፣ በዚያ ጠባብ ልብስ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ብረቱ ሲያቅተኝ የሚያፍረው መንደሩ እንደሆነ። እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙና፣ ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል ይሉኛል።

“ድሮ አነሣ ስለነበር ከሆነ የመረጡኝ፣ አክስቴ፣ ያ ጊዜ አልፏል።”

ከልባቸው ይገረማሉ። “ድሮማ ሸምበቆ ነበርሽ፤ ምን ትሠሪልን ነበር?”

ማራገቢያው ለአፍታ ይቆማል።

ነገሩን የሚያፍታቱልኝ አጎቴ ላውቴሌ ናቸው። የቤተሰቡ አለቃ ስለሆኑ ደስ የማይል ወሬ የሳቸው ድርሻ ነው። በአውራጃው ደንብ እያንዳንዱ መንደር አንዲት ቀላል፣ አንዲት መካከለኛ፣ አንዲት ከባድ ሴት ያቆማል። አንዷ ከጎደለች ቡድኑ በሙሉ ይቀራል። የኛ ከባድ አግብታ ኦክላንድ ስለሄደች፣ ታውሲ ባለፈው ዓመት ተመልካች ሆና ዋለች። ዘንድሮ ካሸነፈች ዋና ከተማው አፒያ ወስደው ያሠለጥኗታል።

“ከጀልባው ስትወርጂ ሳይሽ፣” ይላሉ አክስቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “ጌታ ሆይ፣ ጸሎቴን ሰማህ አልኩ።”

ሱቫ ያሉ ጓደኞቼ ስለ ውፍረቴ አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም። ይህን ጨዋነታቸውን ያኔ ሳላመሰግን ቀርቻለሁ።

ብረቱን ባላነሣውስ እላለሁ። አክስቴ ይህም ሐሳብ ሆኖ መምጣቱ ይደንቃቸዋል። ያዥው፣ ሞክሪው፣ እምቢ ካለሽ መልሰሽ አስቀምጪው፤ ማንሣቱን ታውሲ ታውቅበታለች። እንደሳቸው አነጋገር ከኔ የሚፈለገው በነገ ጠዋቱ ሚዛን ላይ በቂ ሆኖ መገኘት ብቻ ነው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ስሜ በምእመኑ ፊት ተነቧል፤ መሠረዝ የሚችለውም በምእመኑ ፊት ነው። “ካልፈለግሽ ማታ በጸሎቱ ላይ እኔው ተነሥቼ ይሠረዝ እላለሁ። ምንም ችግር የለውም።” ምንም ችግር የለውም ያሉበት ድምፅ መርዶ የሚያረዱበት ድምፅ ነው።

አክስቴ ክንዴን ይዘው ያስነሡኛል። ገበያ የሚሄደው ጎደሬ በከረጢት የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን በረንዳው ጥግ ቆሟል። መስተዋቱ ላይ በከሰል መስመር ተሠምሯል፤ የከባዶች መጀመሪያ መሆኑ ነው። መቼ እንደሠመሩት አልጠይቅም። እወጣለሁ። መርፌው ይሮጥና መስመሩ ሥር ሲደርስ ይቆማል።

“የከረጢቱ ሲቀነስ...” ብለው አጎቴ በልማድ ይጀምራሉ። አክስቴ ሲያዩዋቸው ይተዉታል።

“ትንሽ ነው የጎደለው፣” ይላሉ አክስቴ። “እስከ ነገ ይሞላል።”

መውረድ እፈልጋለሁ። ወርጄ፣ ቤት ገብቼ፣ በሩን መዝጋት እፈልጋለሁ፤ ግን ቤታችን እንደ መንደሩ ቤት ሁሉ ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳም በርም የለውም። ስለ ክብደቴ፣ ስለ ስሜ፣ ስለ ነገ ጠዋቴ ሁሉም ሐሳብ አለው። ያልተናገረችው ታውሲ ብቻ ናት።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” እላታለሁ።

“እኔ ምን እላለሁ?” ትላለች። “እያራገብኩ ነው።”

ሳህኔ ከተነሣሁበት ምንጣፍ ላይ ቀርቷል። እሷ ግን አሁንም ታራግበዋለች። ማራገቢያውን የያዘው መዳፏ ከብረቱ የተነሣ ጠንክሮ፣ ጣቶቿ ሥር ተሰነጣጥቋል። ሊፈወስ ጊዜ ያገኘ መዳፍ አይደለም።

“ሳህኑን አቀብዪኝ፣” እላለሁ።

ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ ታመጣና ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጇ ታቀብለኛለች። መርፌው ይንቀጠቀጥና ከከሰሉ መስመር ያልፋል።

በኛ ዘንድ ቆሞ መብላት ነውር ነው፤ ዛሬ ግን የሚቆጣኝ የለም። ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ ጎደሬውን እቆርሳለሁ፣ አኝኬ እውጣለሁ፣ ደግሞ እቆርሳለሁ። ታውሲ ዞራ ከኋላዬ ትቆምና ታራግብልኛለች። ሳህኑ ይጎድላል፣ እኔ እሞላለሁ። መርፌው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።